ከመጠምጠም መማር ይቅደም

የጋዜጠኛ ብዕር ሰውን ለማክበር የሚፈጥነውን ያህል ለማዋረድም ይፈጥናል። በዛሬው ዐምዳችን የምተርክላችሁ ስሕተት የሌላ ሰው ሳይሆን የራሴ ነው።

ከናይሮቢ ከተማ በስተ ምዕራብ ላቪንግተን የሚባል ዛፍ የበዛበት ጸጥተኛ ሰፈር አለ። በዚያ ተቀምጬ ለአንድ ጋዜጣ የስፖርት ወሬ ስጽፍ ሳለሁ፣ ሳፋሪ ራሊ የሚባለውን የመኪና ውድድር እንድከታተል ታዘዝሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ የምጽፈው ስለ እግር ኳስና ስለ ሩጫ ነበር። ስለ መኪና የማውቀው ግን ከኋላ ተቀምጦ መሄድን ብቻ ነው።

በናይቫሻ አቧራ መካከል ቆሜ ስመለከት፣ በራሱ ገንዘብ የሚወዳደር አንድ ያገሩ ተወላጅ ጉድጓድ ባየ ቍጥር ፍጥነቱን ሲቀንስ አየሁ። ሌሎቹ እየበረሩ ሲያልፉ እርሱ ያዘግም ነበር። ማታ ተቀምጬ «ልቡ ከዳው» ብዬ ጻፍሁ፤ ቃሉም ታተመ።

በሳምንቱ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ አስጠሩኝ። እኒህ ሰው ያገራችን ልጅ ሲሆኑ፣ የመካኒክነትን ሙያ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ከአንድ ኢጣልያዊ ጋራዥ የተማሩ ናቸው። የዚያንም ተወዳዳሪ መኪና ያሰናዱት እርሳቸው ኖረዋል። ዘይት የፈሰሰበትና የተጣመመ የብረት ቧንቧ ከጠረጴዛው ላይ አኖሩና፦

«ልጄ፤ የከዳው ይህ ነው እንጂ የሰውየው ልብ አይደለም። ይህ ተሰብሮበት መኪናውን እስከ ማታ አደረሰ። እንደ ሌሎቹ ቢበር ኖሮ ተገልብጦ አጠገቡ የተቀመጠውን ረዳቱን በገደለው ነበር። አሁን ልጆቹ በትምህርት ቤት የሚሰደቡት በአንተ ቃል ነው» አሉኝ።

የምመልሰው ነገር አጣሁ። ጥቂት ዝም ካልሁ በኋላ «ጋሼ፤ እባክዎ ያስተምሩኝ» አልኋቸው። ሦስት ማታም አስተማሩኝ።

የመጀመሪያው ማታ ትምህርት ስለ ሞተር ነበር። ፒስቶኑ አራት ሥራ ይሠራል፦ አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ካንዴላው እሳት ሲሰጠው በቃጠሎው ይገፋል፣ በመጨረሻም ጭሱን ያስወጣል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ ሞተር ይደክማል። ቱርቦ የሚባለው መሣሪያ ግን በሚወጣው ጭስ ኀይል እየተሽከረከረ አየርን አምቆ ያስገባለታል። የሳፋሪ መኪናዎች አየር የሚስቡበትን ቧንቧ ወደ ጣሪያው ከፍ የሚያደርጉትም ያለ ምክንያት አይደለም። አየር ይጨመቃል፤ ውሃ ግን አይጨመቅም። በወንዝ መሻገሪያ ላይ ውሃ ወደ ሞተሩ ከገባ ቢየላው ይጣመማል፤ ውድድሩም በዚያው ያከትማል።

ሁለተኛው ማታ የዚያን የተጣመመ ቧንቧ ሥራ ነገሩኝ። ስሙ አሞርቲዛቶር ይባላል። ሞላው ጎማውን ወደ መሬት ሲገፋ፣ ይህ ቧንቧ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ዝላዩን ያበርዳል። በተሰበረ ጊዜ ጎማው እንደ ኳስ ይነጥራል። «መሬት ያልነካ ጎማ ፍሬንም መሪም አይታዘዝም» አሉኝ። እኔ ፍርሀት ያልሁት ነገር እንግዲህ ዕውቀት ኖሯል።

ሦስተኛው ማታ ስለ ሰዓት ነበር። በክብ ሜዳ በሚደረግ እሽቅድድም ሁሉም ባንድነት ተነሥተው ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። በራሊ ግን መኪናዎቹ በየተራ በደቂቃዎች ልዩነት ስለሚነሡ፣ ከፊት የሚታየው መኪና መሪው ላይሆን ይችላል፤ ፈራጁ ሰዓት ነው። ረዳቱም አስቀድሞ የተጻፈውን የመንገድ ማስታወሻ ያነባል፤ የመጠምዘዣውን ጥበት በቍጥር ሲነግረው ነጂው ያላየውን መንገድ በጆሮው ያያል።

ይህን ሁሉ ከተማርሁ በኋላ የውድድሩን ታሪክ እንደ አዲስ አነበብሁት። ሳፋሪ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥን ዘውድ መጫን ምክንያት በማድረግ ተጀመረ፤ መንገዱም በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ ያልፍ ነበር። በ1963 ከተነሡት 84 መኪናዎች እስከ ፍጻሜው የደረሱት 7 ብቻ ናቸው። በ1965 ጆጊንደር ሲንግ የሚባል ኬንያዊ ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር በቮልቮ መኪና አሸነፈ፤ በ1974ና በ1976ም በሚትሱቢሺ ደገመው። ይህ ሰው ከመንዳቱ በፊት በአባቱ ጋራዥ መኪና መጠገንን የተማረ ነበር። መኪናው ምን ያህል እንደሚችል ስለሚያውቅ፣ መቼ መፍጠን መቼም መታገሥ እንደሚገባው ለይቶ ነበር። ከ2002 በኋላ ውድድሩ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ ቈይቶ በ2021 ተመልሷል።

እርማቱን በዚያው ገጽ አወጣሁ። ሆኖም የእርማት ፊደል ሁልጊዜ ከስሕተቱ ፊደል ያነሰ ነው፤ ስድቡን ያነበቡት ሁሉ እርማቱን ማንበባቸውን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ ሰውየው ቤት ድረስ ሄጄ በልጆቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሱም እጄን ጨብጦ «በሚመጣው ጊዜ ከመጻፍህ በፊት መኪናዬን እይ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከውድድር በኋላ አስቀድሜ የምሄደው ወደ አሸናፊው ሳይሆን ወደ መካኒኮቹ ነው። «ምን ተሰበረ? መቼ ተሰበረ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ የመንግሥት ሠራተኞችም ልብ በሉ፦ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ከኢጣልያ ቋንቋ ወደ ጋራዣችን ገብተው ዛሬ የኛው ሆነዋል። ካንዴላ በኢጣልያንኛ «ሻማ» ማለት ነው። ቃላቱን ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ከመካኒክ አፍ ብትማሩ ይበልጥ ትጠቀማላችሁ። በበታቻችሁ ባለው ሠራተኛ ላይ «ዘገየ፤ ሰነፈ» የሚል ማስታወሻ ከመጻፋችሁ በፊትም፣ ምናልባት ከሥሩ የተሰበረ ነገር ይኖር እንደ ሆነ ወርዳችሁ ተመልከቱ። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ይህን በመሰለ ነገር ነው።