የሐኪም ምርጫና የሠርቶ አደሩ ኪስ

በሽተኛ ሐኪሙን የመምረጥ መብት አለውን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በአሜሪካ ግን ከሠላሳ ዓመታት በላይ ሕግ አውጪዎችን፣ ፍርድ ቤቶችንና መራጩን ሕዝብ ሲያነታርክ ቆይቷል። በስተጀርባው ያለውን የጥቅም ግጭት ለይተን ካላየን ክርክሩን በትክክል ልንረዳው አንችልም።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከተወሰኑ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ጋር ውል ይገባሉ። በሽተኛ በብዛት ሊልኩላቸው፣ እነዚያም በምላሹ ዋጋ ሊቀንሱላቸው ይስማማሉ። ከውሉ ውጪ ወደ ሆነ ሐኪም የሄደ ሠራተኛ ወጪውን በከፊል ወይም በሙሉ ከኪሱ ይከፍላል። የልጁን የስኳር በሽታ ለዓመታት የተከታተለው ሐኪም ውሉ የተቋረጠ እንደ ሆነ፣ አባት ወይ ሐኪም ይለውጣል፣ ወይ ከደመወዙ ይቆርሳል።

ይህን ለመግታት በርካታ ግዛቶች ሕግ አወጡ። የኩባንያውን የውል ግዴታዎች ለመቀበል ፈቃደኛ የሆነ ሐኪም እንዳይገለል ደነገጉ። ኩባንያዎች የኬንታኪን ሕግ ተቃውመው ቢከሱም፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 በሙሉ ድምፅ ሕጉን አጸናው። በሳውዝ ዳኮታም ተመሳሳይ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ ቀርቦ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።

ታዲያ ድሉ የማን ነው? ኩባንያዎቹ «በሩ ለሁሉም ከተከፈተ ዋጋ የማስቀነስ ኃይላችን ይዳከማል፤ የመድን ክፍያም ይንራል» ይላሉ። አባባላቸው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም። ሐኪሞቹ ደግሞ የበሽተኛውን ነፃነት ያነሣሉ፤ ዳሩ ግን ገበያቸውንም መጠበቃቸው ነው። ሁለቱም ወገኖች በበሽተኛው ስም ይናገራሉ፤ የሚሟገቱት ግን እርሱ በሚከፍለው ገንዘብ ክፍፍል ላይ ጭምር ነው።

ከሁሉ በላይ ልናስተውለው የሚገባን የሕጉን ወሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ የሠራተኞቻቸውን የሕክምና ወጪ ከራሳቸው ካዝና የሚሸፍኑ አሠሪዎችን ከግዛቶች የመድን ሕግ ውጪ አድርጓቸዋል። በአሠሪያቸው በኩል መድን ካላቸው ሠራተኞች ከግማሽ የሚበልጡት በዚህ ዓይነት ዕቅድ ሥር ናቸው። ስለዚህ የኬንታኪም ሆነ የሳውዝ ዳኮታ ሕግ አይደርስላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2023 ምንም መድን ያልነበረው 26 ሚሊዮን ያህል ሕዝብማ የምርጫው ነገር ከቶ አልተነሣለትም። በአቅራቢያው ሆስፒታል የሌለው የገጠር ነዋሪስ ከምን ይመርጣል?

ሕጉ ከንቱ ነው አንልም። የለመደውን ሐኪም ላላጣ በሽተኛ ጥቅሙ ተጨባጭ ነው። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ማን ያክመኝ ከሚለው ጥያቄ ጎን ማን ይከፍላል፣ ስንትስ ይከፍላል የሚለው እስካልተነሣ ድረስ፣ ምርጫው አቅም ላለው ብቻ መብት ሆኖ ይቀራል።