በ1928 ያልነበረ ካሚዮን

ያለፉ ጦርነቶችን በጠረጴዛ ላይ፣ በጣት በሚያህሉ ወታደሮችና መኪኖች ደግመው የሚጫወቱ ፈረንጆች አሉ። ጨዋታውን አልነቅፍም። የምነቅፈው «ካሚዮን ያው ካሚዮን ነው» ባዮችን ነው። የ1928ቱን የፋሺስት ወረራ ሲጫወቱ ከማርሻል ባዶሊዮ ጦር ኋላ አፍንጫ አልባውን ፊያት 626 ይደረድራሉ። ይህ መኪና የወጣው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ከገባ ከሦስት ዓመት በኋላ! ላንቺያ 3ሮም ቢሆን የ1938 ሥሪት ነው። የሚገርመው እኮ ይኸው ሰው ለአንድ ወታደር የቁልፍ ቀለም ሲጨነቅ ያድራል።

እውነቱን የሚሻ፣ ሞተሩ ወደፊት የወጣውን ፊያት 634ን ከቀድሞው ላንቺያ ሮ ጋር ያሰልፍ፤ ከአሜሪካ የተገዙትንም ይቀላቅልበት። አንድ ዓይነት መኪና በረድፍ ሲቆም ለዓይን ያምር ይሆናል። ነገር ግን በሚያዝያ 1928 ከደሴ የተነሳው፣ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ የነበረው ሰልፍ ቅይጥ ነበር። ዝናብና ጭቃ ይዞታል። ጣርማበር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ጠበቀው፤ ወታደሩ አካፋና ዶማ አንስቶ መንገድ ሲጠግን ካሚዮኑ ቆሞ ነበር።

ገና ባልተሠራ መኪና ይህን ሁሉ መሸፈን ለወራሪው ያልነበረውን ቅልጥፍና መመረቅ ነው። እኛ ደግሞ የተሸነፍነው እንዲያ ላለ ጦር አይደለም። ስለዚህ ተጫዋቹ መኪናውን ያስተካክል፤ በጨዋታው ሕግ ላይም ጣርማበር ሲደርስ ጥቂት ተራ የሚያስቆመው አንቀጽ ይጨምር።