ገንዘቡ ወጥቶ ሂሳቡ ሳይዘጋ፦ የመዘግየት ቅጣት በማን ላይ ይውደቅ?

በሀርሺን ሱቅ ያለው ነጋዴም ሆነ በግ ሸጦ የሚመለሰው አርብቶ አደር ገንዘብ በስልክ ማንቀሳቀስን ከለመደ ሰንብቷል። ዛሬ ሸበሌ ባንክ የሆነው የቀድሞው የሶማሌ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ሄሎካሽን በክልሉ ያስፋፋው፣ ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ሥራ ከመጀመሩ ዓመታት በፊት ነው። አሁን የአገልግሎትና የግብር ክፍያዎችም ወደዚሁ መንገድ እየገቡ ነው። ይህም ወረፋንና የጅግጅጋ ጉዞን ያስቀራል። ጥያቄው የሚነሳው ገንዘቡ ከከፋዩ ሂሳብ ወጥቶ፣ በተቀባዩ መዝገብ ሳይታይ የመክፈያው ቀን ሲያልፍ ነው።

መዘግየቱ የሚፈጠረው ክፍያው በአንድ እጅ ብቻ ስለማያልፍ ነው። ከፋዩ የሚያየው ስልኩ ላይ የደረሰውን መልእክት ነው። ከዚያ ወዲያ ግን የባንኩ ሥርዓት፣ ሁለቱን ተቋማት የሚያገናኘው መስመርና የተቀባዩ የሂሳብ መዝገብ አሉ። ከእነዚህ አንዱ ከቆመ ክፍያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ ችግር ደርሶ አገልግሎቱ ለሰዓታት ሲቋረጥ፣ የአገሪቱ ትልቁ ባንክም ከዚህ እንደማያመልጥ ታይቷል።

የአንድ ቀን ልዩነት ቀላል አይደለም። በ2008 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 በወቅቱ ባልተከፈለ ታክስ ላይ ለመጀመሪያው ወር ወይም ለከፊሉ 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 2 በመቶ ቅጣት ደንግጓል። በዚህ ስሌት 10,000 ብር ያለበት ግብር ከፋይ በአንድ ቀን መዘግየት 500 ብር ይጨመርበታል።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የኤሌክትሮኒክ ክፍያ እስከ ቀጣዩ የሥራ ቀን ማብቂያ ለተቀባዩ ተቋም መድረስ አለበት፤ ጥፋቱ የክፍያ አስተላላፊው ከሆነም ኃላፊነቱ የእሱ ነው። በኢትዮጵያም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቷል። ስለዚህ ከፋዩ በቀኑ መክፈሉን የሚያሳየው መልእክት ተራ ጽሑፍ ሳይሆን ማስረጃ ነው።

ፍትሐዊው መለኪያ ከፋዩ የከፈለበት ቀን እንጂ መዝገቡ የታደሰበት ቀን ሊሆን አይገባም። ቅጣት የተደነገገው ቸልተኛውን ለማረም ነው፤ በሰዓቱ የከፈለ ሰው በመስመር መቋረጥ ከተቀጣ ዓላማውን ይስታል። እንዲህ ያለው ቅጣት ሰውን ወደ ጥሬ ገንዘብና ወደ ወረፋ ይመልሰዋል።

እስከዚያው ከፋዩ ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ አለ። የመጨረሻውን ቀን ሳይጠብቅ ቀደም ብሎ መክፈል፣ የደንበኛ ቁጥሩን ደግሞ ማየት፣ የግብይት ቁጥሩን መያዝና የመጀመሪያው ክፍያ ሳይጣራ ዳግም አለመክፈል ያስፈልጋል። ቅጣቱ ከመጣም ያንን ቁጥር ይዞ በጽሑፍ ማመልከት ተገቢ ነው።