አንጎል የሚሠራቸው ስቴሮይዶች
የአዘጋጁ ማስታወሻ

ስቴሮይድ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን ጡንቻ ለማፈርጠም የሚወሰደው ነው። የዚህ ዕትም ዋና ጽሑፍ የሚያወራው ግን አንጎል ራሱ ስለሚሠራቸው ስቴሮይዶች ነው። ፈረንሳዊው ኤቲየን ኤሚል ቦልዩ እና ባልደረቦቹ በ1981 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ አድሬናል ዕጢያቸውና የዘር ፍሬያቸው በወጣ አይጦች አንጎል ውስጥ ዲኤችኢኤ ሰልፌት የተባለ ስቴሮይድ አገኙ። ምንጩ እነዚያ ዕጢዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ አብሮ በጠፋ ነበር።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ አሎፕሬግናኖሎን የተባለው ሌላው የአንጎል ስቴሮይድ ነው። ፕሮጄስትሮን ከተባለው ሆርሞን ይሠራል፤ ጋባ የተባለው ኬሚካል የነርቭ ሕዋሳትን ሲያረጋጋ ኃይል ይጨምርለታል። በእርግዝና ወቅት መጠኑ ያሻቅባል፣ ከወሊድ በኋላ ባንዴ ያሽቆለቁላል። የአራስን ድብርት በ«አይዞሽ» ብቻ ለምናልፍ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርግጥ የመጠኑ መውረድ ብቻውን ሕመሙን ያመጣል ማለት አይቻልም፤ እያንዳንዷ እናት ይወርድባታል፣ የምትታመመው ግን ሁሏም አይደለችም። ቢሆንም አሜሪካ በ2019 እ.ኤ.አ. በደም ሥር ለ60 ሰዓት የሚሰጠውን ብሬክሳኖሎንን፣ በ2023 ደግሞ ለ14 ቀን የሚዋጠውን ዙራኖሎንን ለዚሁ ሕመም ፈቅዳለች።

ጽሑፉ መሐል ላይ ጠጠር ያለ ኬሚስትሪ አለው። የቸኮለ ሊዘለው ይችላል፤ እኔ ግን አልመክርም።