ሽታ ሲጠፋብን
ኮቪድ እ.ኤ.አ. በ2020 ኦማን ከገባ ወዲህ ትኩሳቱ ለቆን ሽታ ግን ያልተመለሰልን አለን። ቡናው ሲቆላ አይሸተንም፤ ሌላዋን ደግሞ ሽንኩርቱ እንደ በሰበሰ ነገር ይከረፋታል። ሩዙ ሲያርብን «ቸልተኛ» እንባላለን። ቸልተኝነት አይደለም፤ ቫይረሱ የአፍንጫችንን የማሽተቻ ክፍል ጎድቶት ነው።

«ማዳም አገሬ ትመልሰኛለች» ብለን ስለምንፈራ እንደብቃለን። ግን የሲሊንደሩ ጋዝ ቢያፈስ በምን እናውቃለን? ጋዙ ላይ ሽታ የሚጨመረው እኮ ለዚህ ነው። ሩዊም ሆነ ሲብ ያለን ቢያንስ ይህን እንንገራቸው፤ ማታ ማታም ሲሊንደሩን እንዝጋ።

በየኩሽናው ሎሚ፣ ቅርንፉድና የጽጌረዳ ውሃ አለ። ጠዋትና ማታ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለን፣ ለወራት እናሽት። ለብዙዎች ቀስ በቀስ ይመለሳል።