አንቀጽ 17 በስልክ መጣ!

ባለፈው ሰሞን ዘመድ ጥየቃ ሐይቅ ሄጄ ነበር። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ማለቴ ነው። አክስቴ ቤት ስደርስ እንደወትሮው ቡናው ቀርቧል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ምርቃቱም ይወርዳል። አንድ ነገር ግን ጎደለኝ። እኔ በመጣሁ ቁጥር ሮጦ የሚቀበለኝ የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ደጅ ቆሞ ወደ ውስጥ አይገባም። "ምን ሆነ?" ብል አክስቴ ፊታቸውን አዞሩ። "ተወው እስቲ፣ እጁ አመል አውጥቷል" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ካርድ የሚያስሞሉት በዚሁ ልጅ ነበር። 15 ብር ይሞላሉ፣ በሳምንቱ ሳይደውሉበት አልቆ ይገኛል። ጅዳ ያለችው ልጃቸው ትደውልላቸዋለች እንጂ እሳቸው ብዙም አይደውሉም። ታዲያ ሂሳቡን ማን በላው? ስልኩን የሚነካው ልጁ ብቻ ነው። ፍርድ ተሰጠ፤ ልጁ ሌባ ተባለ!

ስልኩን ተቀብዬ መልዕክቶቹን ከፈትኩ። ከአንድ አጭር ቁጥር የመጡ መልዕክቶች ተደርድረዋል፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። በየቀኑ 2 ብር እንደሚቆረጥ የሚናገረው ቃል መጨረሻው ላይ ተወሽቋል። አክስቴ ቁርአን ይቀራሉ፤ አማርኛውንም ቀስ እያሉ ያነባሉ። እንግሊዝኛው ግን ለሳቸው የግድግዳ ጌጥ ማለት ነው።

"የደወለልዎት ሰው ነበር?" ስላቸው አስታወሱ። "አዎ፣ አንዲት ልጅ ደውላ ነበር። ድምጿ ማር ነው! 'እናቴ እንኳን ደስ ያለሽ፣ መንዙማና ዱዓ በነፃ እንልክልሻለን፣ አንድ ቁጥርን ተጫኚ' አለችኝ። ተጫንኩ። አላህ ይስጥሽ ብዬም መረቅኋት።"

አያችሁልኝ ወገኖቼ! ሂሳባቸውን የምትበላውን መረቁ፣ የሚላላካቸውን ልጅ ሌባ አሉ።

የድርጅቱን ስም አላነሳም፤ ጉዳዩ የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለምና። በማግስቱ ለሥራ ወደ አምባሰል ዘለቅሁ። ውጫሌ ከተማ ስደርስ ግን የአክስቴ ነገር ከታሪክ ጋር ተደባልቆብኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚህ ውጫሌ ላይ አፄ ምኒልክ ከኢጣልያው መልዕክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋር ውል ተዋዋሉ። ጠቡን ያመጣው 17ኛው አንቀጽ ነው። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ "ይቻላቸዋል" ይላል። የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ነገሩን ግዴታ አደረገው። ልብ በሉ፣ ጉዳዩ የመላላክ ጉዳይ ነበር። በዛሬ አነጋገር የቴሌኮም ውል ነው! በአንዱ ቋንቋ ግብዣ፣ በሌላው ቋንቋ ዕዳ።

ምኒልክ ተንኮሉን ሲደርሱበት "አንዴ ፈርሜያለሁና ምን ይደረጋል" ብለው አልተቀመጡም። በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ለመንግሥታት አስታወቁ፤ የቀረው ክርክር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ተፈታ። አክስቴ ግን ጦር የላቸውም። ያላቸው ሕግ ብቻ ነው። ሕጉስ የት አለ?

ሕጉማ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። በቁጥር 1696 ደግሞ በስህተት፣ በተንኮል ወይም በማስገደድ የተሰጠ ፈቃድ ውሉን ሊያስፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ተቀባዩ ቅድሚያ ፈቃድ በኢሜይልና በመሳሰሉት አድራሻዎች ማስታወቂያ መበተንን በወንጀል ያስቀጣል። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1148 ደግሞ ዘርፉን የሚቆጣጠር የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሟል። ወረቀቱ ሞልቷል። ግን ለ2 ብር ብሎ ከሐይቅ ተነስቶ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ማን አለ? ጠበቃውስ በስንት ይቆማል? ነጋዴዎቹ የተማመኑት ይህንኑ ነው። ከአንድ ሰው 2 ብር ቢወስዱ ማንም አይከሳቸውም፤ ከብዙ ሺህ ሰው ሲሰበሰብ ግን ሀብት ነው።

መንግሥት ቴሌን ከአጭበርባሪ ለመጠበቅ ሲሆን አልዘገየም። በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 761 የቴሌኮም ማጭበርበርን ወንጀል አድርጎ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ያስገባን፣ ያለ ፈቃድ አገልግሎት የሰጠን በረጅም እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። ደንበኛው ሲታለልስ? እዚያ ላይ እጁ ይዝላል።

የኛ አካባቢ ሰው ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ወጥመድ የተመቸ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንና ውጫሌን ሲያዳርስ ስልክ ጠፍቶ ማን እንደሞተ ማን እንደተረፈ ሳይታወቅ ከረመ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ የሰነበተ ሰው ስልክ ሲጮህ ዘመድ የጠራው ይመስለዋል። ሳያነሳ አያልፍም። ካነሳም በሰው ጆሮ ላይ መዝጋት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ነው። ደዋዮቹ የሚነግዱት በዚህ ጨዋነት ነው። እኔ የምጠይቀው ታዲያ ይህን ነው። የክልል ኢንተርኔት መቁረጥ የሚችል መንግሥት የአንድ አጭር ቁጥር ዝርፊያ መቁረጥ እንዴት ያቅተዋል?

ነገሩ በ2 ብር ቢቆም ባልከፋ። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ፣ በ2015 ዓ.ም. ኤምፔሳ ከተከተለ ወዲህ ስልካችን የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። "ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል" የሚለው ደዋይ አሁን የሚፈልገው የካርድ ቁጥር ብቻ አይደለም። "አንድ ኮድ ተልኮልዎታል፣ ያንብቡልኝ" ይላል። ያ ኮድ የቦርሳው ቁልፍ ነው። ካነበቡለት ቦርሳው ባዶ ነው። ይህ ዓይን ያወጣ ሌብነት ነው። ግን "ነፃ ነው፣ አንድን ተጫኑ" እያለ ሕዝቡን ያለማመደው ማን ነው? ሕጋዊው ነጋዴ መንገዱን ጠረገ፣ ሌባው ተከትሎ ገባ።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ? አሜሪካ በ2003 እ.ኤ.አ. "አትደውሉልኝ" የሚል ሰው ስልኩን የሚያስመዘግብበት አገራዊ መዝገብ ከፈተች። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በስልክ የተዋዋለ ሸማች ምክንያት ሳይጠየቅ በ14 ቀን ውስጥ ከአብዛኛው ውል መውጣት ይችላል። እዚያም ማታለሉ አልጠፋም፤ ማስረጃ አምጣ የሚባለው ግን የተደወለለት ምስኪን ብቻ አይደለም።

እኛም የምንለው ይኸንኑ ነው። አንደኛ፣ በስልክ የተባለ "እሺ" ብቻውን ውል አይሁን። ዋጋው ከሁሉ በፊት፣ ደንበኛው በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ ይላክለትና ተመልሶ ያረጋግጥ። ሁለተኛ፣ ደንበኛው "አልተስማማሁም" ካለ መስማማቱን የሚያስረዳው ድርጅቱ ይሁን፤ ካላስረዳ የቆረጠውን ሁሉ ይመልስ። ሦስተኛ፣ ማስታወቂያ በሙሉ በአንድ ቁጥር የሚዘጋበት መንገድ ይከፈት። ባለሥልጣኑ ይህን ለማድረግ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልገውም።

እስከዚያው ወገኔ ራስህን ጠብቅ። የማታውቀው ሰው ደውሎ ሽልማት ካለህ ዝጋው፤ ነውር የለበትም። እውነት ከመሰለህ ራስህ በ994 ወይም ሳፋሪኮም ከሆንክ በ700 ደውለህ ጠይቅ። የሚስጥር ቁጥርህንና የተላከልህን ኮድ ለማንም አትንገር። ለማያነቡ ወላጆችህ መልዕክታቸውን አንብብላቸው። ሳያውቁ የተመዘገቡበት ነገር ካለ "ስቶፕ" የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈህ ወደዚያው አጭር ቁጥር ላክ፣ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። የአክስቴም በዚሁ ተዘጋ።

ከውጫሌ ስመለስ አክስቴ ልጁን ከደጅ ጠርተው አጠገባቸው አስቀምጠውት አገኘሁ። "አውፍ በለኝ ልጄ" ይሉታል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። የተቆረጠው ብር ከተመለሰ ይመለሳል። ያ ልጅ ሌባ ተብሎ ደጅ የቆመባቸውን ሳምንታት ግን የትኛው ድርጅት ይመልስለታል?