«ከዓለም የመጣ ነው» ለሚሉን

ወገኖች፣ ዘኍልቍ ምዕራፍ 27ን ቆም ብለን አንብበነው እናውቃለን? ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ የተባሉ አምስት እህትማማቾች በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ ቆሙ። በፊታቸው ሙሴ አለ፤ ካህኑ አልዓዛር አለ፤ አለቆቹና ማኅበሩ ሁሉ አሉ። አባታቸው ሰለጰዓድ ወንድ ልጅ ሳይኖረው በምድረ በዳ ሞቷል። ርስት የሚወርሰው ወንድ ስለ ነበር የአባታቸው ስም ከወገኑ መካከል ሊጠፋ ነው። እነዚህ ሴቶች አላለቀሱም፤ ተከራከሩ። አባታችን ከቆሬ ወገን ጋር አላመፀም አሉ። ወንድ ልጅ ስላልወለደ ስሙ ስለ ምን ይጠፋል ብለው ጠየቁ። ርስት ስጡን አሉ።

ሙሴ «ተቀመጡ» አላላቸውም። «ይህን አስተሳሰብ ከግብፅ ነው የቀዳችሁት» ብሎ አላሳፈራቸውም። ነገራቸውን ይዞ ወደ እግዚአብሔር ሄደ። እግዚአብሔርም የተናገሩት ልክ ነው ብሎ ፈረደላቸው፤ ጉዳያቸውም ለእስራኤል ሁሉ ሕግ ሆነ። (በምዕራፍ 36 የነገዱ ወንዶች ደግሞ የራሳቸውን አቤቱታ ይዘው መምጣታቸውን እናውቃለን። እርሱም ተሰማ። ርስቱ ግን አልተነጠቀም፤ ኢያሱ 17 ላይ ተረክበውት እናገኛቸዋለን።)

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ አንዳንዶቻችን በተገኘንበት የአንድ አጥቢያ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት እህት እጇን አወጣች። ከሃያ ዓመት በላይ የማለዳ ጸሎት የመራች፣ ስንቶቻችን በታመምን ጊዜ አልጋችን ሥር ተንበርክካ የማለደች ሴት ናት። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ ለአስተዳደር ኮሚቴው በቀረቡት ዕጩዎች ውስጥ አንዲት ሴት እንኳ ያልተካተተችው ለምንድን ነው? ልብ በሉ፣ የጠየቀችው ስለ መጋቢነት አልነበረም፤ ስለ ሽማግሌነትም አልነበረም። ስለ በጀት፣ ስለ ግንባታና ስለ ወንበር ግዢ የሚወስን ኮሚቴ ነው። የአጥቢያው መተዳደሪያ ደንብም «አባል የሆነ ሁሉ» ይላል እንጂ ሴትን አይከለክልም።

ከመድረኩ የተሰጣት መልስ «እህቴ፣ ይህ የሴቶች መብት የሚባለው ነገር ከዓለም የመጣ ነው፤ ወደ እግዚአብሔር ቤት አናስገባውም» የሚል ነበር። ጥቂቶች «አሜን» አሉ። እርስዋም ተቀመጠች። እኛ አሜን አላልንም፤ ነገር ግን አፋችንንም አልከፈትንም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከዕዳ የሚቆጠር ነው።

«ከዓለም የመጣ ነው» የሚለውን እንመርምር። በአሜሪካ የሴቶችን መብት ለመጠየቅ የመጀመሪያው ታላቅ ስብሰባ የተደረገው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 እና 20 ቀን 1848 በኒውዮርክ ግዛት በሲኒካ ፎልስ ነው። የት አዳራሽ? በዌስሊያን ሜቶዲስት ጸሎት ቤት! ያ ጸሎት ቤት የማን ነበር? ባሪያ ከሚይዙ ጋር አንድ ማዕድ አንቆርስም ብለው ከእናት ቤተ ክርስቲያናቸው በ1843 የወጡ ሰዎች ነበር። በስብሰባው ከቀረቡት የውሳኔ ሐሳቦች በሙሉ ድምፅ ያላለፈው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ሴቶች የመምረጥ መብት ይኑራቸው የሚለው ነበር። ብዙዎች ፈሩ፤ መሳቂያ እንሆናለን አሉ። ተነሥቶ በንግግሩ የደገፈው ከባርነት ያመለጠው ፍሬደሪክ ዳግላስ ነው። ውሳኔው አለፈ፤ መግለጫውንም 68 ሴቶችና 32 ወንዶች ፈረሙበት።

ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ አንጀሊና ግሪምኬ በማሳቹሴትስ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቆማ ነበር። በአሜሪካ ሕግ አውጪ አካል ፊት ሴት ስትናገር ያ የመጀመሪያው ነው። የባሪያ አሳዳሪ ቤተሰብ ልጅ ሆና ባርነትን ለመክሰስ ነው የቀረበችው። ንግግሯን በምን ከፈተች? በአስቴር። ስለ ሕዝቧ ልትማልድ ወደ ንጉሡ በገባችው በአስቴር ራሷን አስመሰለች። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በፊላደልፊያ ፔንሲልቬንያ ሆል በተባለው አዲስ አዳራሽ ስትናገር ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ በመስኮቱ ድንጋይ ይወረውር ነበር። እርሷ ንግግሯን አላቋረጠችም። በማግሥቱ አዳራሹን አቃጠሉት።

ግሪምኬና እህቷ ሣራ በአደባባይ መናገር በጀመሩ ጊዜ በጽሑፍ የወቀሳቸው ማን ይመስላችኋል? ቡና ቤት የሚውል ሰው አይደለም። በ1837 የማሳቹሴትስ የኮንግሪጌሽናል አገልጋዮች ማኅበር «የእረኝነት ደብዳቤ» አወጣ። ሴት እንደ ወይን ሐረግ ናት፣ ውበቷም በደገፋት እንጨት ላይ ስትጠመጠም ነው፣ ራሷን ችላ ልቁም ካለች ፍሬዋም ይቀራል፣ ወድቃም ትዋረዳለች የሚል ነው ሐሳቡ። መጽሐፍ ቅዱስ ገላጮች፣ ጸሎተኞች፣ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ናቸው ይህን የጻፉት። ሣራ ግሪምኬ የመለሰችላቸው መጽሐፍ ቅዱስን በመጣል አይደለም፤ ከዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ጀምራ፣ ወንድና ሴት ሁለቱም በእግዚአብሔር መልክ መፈጠራቸውንና ግዛት የተሰጣቸው በፍጥረታት ላይ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አለመሆኑን በማሳየት ነው። ታዲያ ከሁለቱ ወገን ለቃሉ የቀረበው የትኛው ነው?

ሶጆርነር ትሩዝን ደግሞ እንስማት። በኒውዮርክ በባርነት ተወለደች፤ አፏን የፈታችው በደች ቋንቋ ነው፤ ማንበብ አልተማረችም። መጽሐፍ ቅዱስ እንዲነበብላት ስትፈልግ ከአዋቂ ይልቅ ሕፃናትን ትመርጥ ነበር፤ አዋቂዎች የራሳቸውን ማብራሪያ እየጨመሩ ያስቸግሯታል፣ ሕፃናት ግን ድገሙልኝ ስትላቸው ቃሉን ብቻ ይደግሙላታል። (ይህን ስናነብ ሳቅን፤ ከዚያ ግን ስለ ራሳችን ስብከት አሰብን።) እ.ኤ.አ. በ1851 በኦሃዮ፣ አክረን ከተማ ባደረገችው ንግግር ሰው ሁሉ የሚያስታውሳት በአንዲት ተደጋጋሚ ጥያቄ ነው። ያቺ ጥያቄ ግን የመጣችው ከ12 ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ከጻፈው ነው፤ ንግግሩ በተደረገ በሳምንታት ውስጥ በጋዜጣ በወጣው ዘገባ ውስጥ የለችም። በዚያ በቀደመው ዘገባ ውስጥ ያለው ለእኛ ይበልጣል። ሔዋን ዓለሙን ገልብጣው ከሆነ መልሳ እንድታቀናው ዕድል ስጧት አለች። ማርያምና ማርታ ስለ ወንድማቸው ወደ ኢየሱስ በመጡ ጊዜ አላባረራቸውም፤ አለቀሰ፤ አልዓዛርም ወጣ አለች። ኢየሱስ ከእግዚአብሔርና ከሴት መጣ፤ ወንዶች ሆይ፣ የእናንተ ድርሻ የቱ ላይ ነው ብላ ጠየቀች። ይህን ከዓለም ተማረችው?

ለመጠጥ ጉዳይ የምንቆረቆር ሰዎች ደግሞ ፍራንሲስ ዊላርድን ማወቅ ነበረብን። ሜቶዲስት ናት። በ1876 በኦሃዮ ብቻዋን ተንበርክካ ስትጸልይ ስለ ሴቶች ድምፅ እንድትናገር ጥሪ እንደ ተሰማት ራሷ ጽፋለች። ክርክሯ ቀላል ነበር። ባሏ ደመወዙን ጠጥቶ የሚገባባት፣ ልጆቿ ጦማቸውን የሚያድሩባት እናት፣ የመጠጥ ቤቱን ፈቃድ በሚወስነው ሕግ ላይ ድምፅ ሊኖራት አይገባምን? ከዚያው የክርስቲያን ሴቶች የመጠጥ ተቃዋሚ ማኅበር በኒውዚላንድ ኬት ሼፐርድ ተነሣች። ወደ 32,000 የሚጠጋ ፊርማ ሰበሰቡ፤ ወረቀቱን አጣብቀው ጠቀለሉት፤ በምክር ቤቱ ወለል ላይ ተዘረጋ። መስከረም 19 ቀን 1893 ሕጉ ጸደቀ። በዓለም ላይ አገር አቀፍ የመምረጥ መብት ለሴቶች ሁሉ የሰጠች የመጀመሪያዋ ራስ ገዝ አገር ኒውዚላንድ ናት። ያን ሁሉ ፊርማ በየቤቱ እየዞሩ ከለቀሙት መካከል በጸሎት የሚሰበሰቡ እናቶች ነበሩ።

የሚቃወሙን ወንድሞች አሁን አንድ እውነት ሊያነሡ ይችላሉ፤ ቀድመናቸው እናንሣው። የሲኒካ ፎልሷ ኤልዛቤት ኬዲ ስታንተን ኋላ ላይ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ተጣላች፤ በ1895 ባሳተመችው መጽሐፍም ተቸችው። እውነት ነው። በቀጣዩ ዓመት ግን የገዛ ማኅበሯ ከመጽሐፉ ጋር ግንኙነት የለንም ብሎ በድምፅ ወሰነ። ከዚህ የከፋም አለ። ጥቁር ወንዶች የመምረጥ መብት ሲያገኙ ስታንተን በንቀት ተናገረችባቸው። ዊላርድም ጥቁሮች ያለ ፍርድ በሚሰቀሉበት ዘመን ስለ ጥቁር ወንዶች በተናገረችው ቃል ምክንያት ከአይዳ ዌልስ ጋር በአደባባይ ተጋጭታለች፤ በዚህ ጉዳይ ትክክሏ አይዳ ዌልስ ነበረች። እነዚህን ሴቶች ጻድቃን ናቸው አላልንም። ዳዊት በቤርሳቤህ ስለ ወደቀ መዝሙሩን ከመጽሐፋችን አልቀደድንም።

ጳውሎስስ? 1 ጢሞቴዎስ 2 እና 1 ቆሮንቶስ 14ን አንሸሽም። ስለ መጋቢነት በመካከላችንም የተለያየ መረዳት አለ፤ በዚህ ጽሑፍ አንፈታውም። ነገር ግን ያው ጳውሎስ በዚያው መልእክት በምዕራፍ 11 ሴት ስትጸልይና ትንቢት ስትናገር ራሷን እንዴት እንደምታደርግ ይደነግጋል፤ ዝም እንድትል የታዘዘችው ፍጹም ዝምታ ቢሆን ኖሮ ይህ ድንጋጌ ለማን ነው? ፌቤንንም ለሮሜ ምእመናን ሲያስተዋውቅ ለብዙዎችና ለእርሱም ለራሱ ረዳት እንደ ነበረች ይመሰክርላታል። ከእነዚህ ጥቅሶች ውስጥ «ሴት የወንበር ግዢ ኮሚቴ ውስጥ አትግባ» የሚለውን የሚያሳየን ካለ ያሳየን። ደግሞም በአንደበታችን «ቃሉ አይፈቅድም» እያልን፣ ሴቶቹን ለዐሥራት፣ ለጽዳት፣ ለእንግዳ መስተንግዶና ለሌሊት ጸሎት ስንፈልጋቸው የትኛውም ጥቅስ አያግደንም። ያስቀናል የምንለው ቅንዓት በጀት ላይ ሲደርስ ብቻ ለምን ይነሣል?

በአገራችን እንኳ ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴትም ለወንድም የመምረጥ መብት ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለፓርላማ ተመርጠው ገቡ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ዘንድ የተማሩ ሰው ነበሩ። አያቶቻችን በንጉሡ ዘመን ሴት እንደራሴ መርጠው ላኩ፤ እኛ የመንፈስ ቅዱስን መፍሰስ የምንሰብክ ሰዎች ኮሚቴ ላይ ተሰናከልን። ያውም በሴቶችና በወንዶች ልጆች ላይ ይፈስሳል ብሎ ኢዩኤል የተናገረለትን መንፈስ!

እኛ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ በጽሑፍ አስገብተናል። የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው፦ የዕጩዎች ዝርዝር በደንቡ መሠረት ለአባላት ሁሉ ክፍት እንዲሆን፣ ከመድረክ ለተሰጠው መልስም ሽማግሌዎች ከቃሉ ማስረጃ እንዲያቀርቡ ወይም እንዲያነሡት። እስካሁን መልስ አላገኘንም።

እህታችንንም ይቅርታ ለመጠየቅ ቤቷ ሄደን ነበር። ቡና አፍልታ ተቀበለችን። ስለ ጉባኤው ስናነሣባት «ኧረ እኔ ረስቼዋለሁ፣ ጠጡ» አለች። ሁለተኛውን ስኒ ከቀዳች በኋላ ግን ተነሥታ መጽሐፍ ቅዱሷን አመጣች፤ በመካከሉ ታጥፎ የተቀመጠውን የመተዳደሪያ ደንብ ዘርግታ አሳየችን። «አባል የሆነ ሁሉ» የሚለው በእርሳስ ተሰምሮበታል።